ቀዩ መብራት ምን ማለት ነበር?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከጡረታ ወዲህ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ነው የማነበው። ጊዜ ሞልቶኛል። የአደጋ ዜና ሲሆን ደግሞ ሁለቴ አነባለሁ። አደጋው ፋብሪካ ውስጥ ይድረስ፣ ግንባታ ቦታም ይድረስ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። «የአደጋው መንስኤ የሰው ስህተት መሆኑ ታውቋል።» በቃ። ዜናው እዚያ ያልቃል። እኔ እዚያ ስደርስ ሻዬን አስቀምጥና ብቻዬን መናገር እጀምራለሁ። ልጆቼ ለምደውታል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

29 ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን 9 ዓመታት ሰብስቴሽን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ሠራሁ። የቀሩትን 20 አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን) ላይ ነበርኩ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ እንጀራ የበላሁበት ቤት ነው። ሥራዬ መብራት ማየት፣ ቁልፍ መጫንና መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል?

ሰብስቴሽን ስትገቡ ከሁሉ በፊት የምትማሩት ቀለም ነው። ቀይ ከበራ ብሬከሩ (መስመሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ትልቁ ማብሪያ ማጥፊያ) ተዘግቷል፣ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፣ አትጠጉ። አረንጓዴ ከበራ ብሬከሩ ተከፍቷል። (በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ «ተዘጋ» ማለት ኤሌክትሪኩ ያልፋል ማለት ነው። የውኃ ሰው «ተዘጋ» ሲል ምንም አያልፍም ማለቱ ነው። ባለቤቴ የቧንቧ ባለሙያ ነበር፤ በዚች ቃል ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል።) እና 9 ዓመት ሙሉ ቀይ ለእኔ «እየሠራ ነው» ማለት ነበር።

ፋብሪካ ስገባ ተገላቢጦሽ ሆነ። ቀይ ቆሟል፣ አረንጓዴ እየሠራ ነው። ይህም ስህተት አይደለም። የማሽን ሰዎች ደንብ እንደዚያ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው፤ መሐል የቀረሁት እኔ ነኝ። ሲያስረዱኝ ገብቶኛል፣ ፈርሜም ተቀብያለሁ። ቀን ቀን ተምታቶብኝ አያውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ጭንቅላት የተማረውን ትቶ የለመደውን ይሠራል። የሌሊት ሺፍት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

ፋብሪካው ውስጥ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተረኛ ነኝ። ፓምፕ ቁጥር 1 ለጥገና ተፈትቶ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ለቦይለሩ ውኃ የሚገፋው ቁጥር 2 ብቻ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ላይ ቁጥር 2 ቆመ። ቀዩ በራ። ቀና ብዬ አየሁት። ቀይ ነው። «ጥሩ» አልኩና ወደ መዝገቤ አቀረቀርኩ።

አላርሙስ? ጮኋል። ግን ያ አላርም ከሰኞ ጀምሮ ሲጮህ ነው የሰነበተው። የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ተበላሽታ፣ ታንኩ ሞልቶ ሳለ «ነዳጅ አልቋል» እያለች ታስጮኸዋለች። ፓነሉ፣ መብራቶቹና ቁልፎቹ ያሉበት ሰሌዳ፣ ደግሞ ለሁሉም ችግር ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለጥገና ክፍል ሁለቴ ጽፈናል። ሐሙስ ላይ ሲሰለቸን ጨርቅ ወሸቅንበት። አዎ፣ እኛው ነን የወሸቅነው። አልደብቅም። 12 ሰዓት ሙሉ ጆሯችሁ ሥር የሚጮህ ነገር ጋር ተቀምጣችሁ ብትሞክሩት እናንተም ትወሽቁ ነበር።

የውኃውን ልክ የሚያሳየው መስታወት ያለው ቦይለሩ ላይ፣ ከፓነሉ ጀርባ ነው። ለማየት ተነስቶ መዞር ያስፈልጋል። በየሰዓቱ እዞር ነበር። 8 ሰዓት ላይ ዞሬያለሁ፤ ደህና ነበር። ቀጣዩ 9 ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሳይደርስ ቦይለሩ ራሱን አጠፋ። ውኃ ሲጎድል ማቃጠያውን የሚያጠፋ መሣሪያ አለው። እሱ ባይኖር ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ።

ምርት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆመ። በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴውን ነገር ሳስታውስ አሁን እስቃለሁ። ያኔ አልቅሻለሁ። ማሽኑ ያተመው ወረቀት «02:47» ይላል፤ የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኔ መዝገብ «ከሌሊቱ 8፡50፣ ፓምፕ 2 ቆሞ ተገኘ» ይላል፤ የአበሻ ሰዓት ነው። ከአስተዳደር የመጡት ሰብሳቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡና አሰሉ። ከምሽቱ 2፡47 የጮኸ አላርም፣ ከሌሊቱ 8፡50 የተመዘገበ! «ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን ትሠሪ ነበር?» አሉኝ። መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሲገባኝ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሰዓቱን ነገር በመጨረሻ ተቀበሉ። ደብዳቤው ግን አልቀረም፦ «በሥራዎ ላይ ባሳዩት የትኩረት ማነስ የ5 ቀን ደመወዝ እንዲቀጡ ተወስኗል።» የቀለሙ ነገር ደብዳቤው ውስጥ አንዲት ቃል የለችም። የተንሳፋፊዋም የለችም።

ከቅጣቱ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የሕክምና ፕላስተር ገዝቼ መግባት ነው። ከቀዩ መብራት ሥር ለጠፍኩና በእስክሪብቶ «ቆሟል» ብዬ ጻፍኩበት። ባልደረቦቼ አይተው እነሱም መለጠፍ ጀመሩ። በወሩ ፓነሉ የቆሰለ ሰው መሰለ። ከዚያ ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለና «ያስጠላል፣ ይነሳ» የሚል ትእዛዝ ወረደ። ነቀልነው። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት መልሰን ለጠፍነው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ስለ ስሪ ማይል አይላንድ አስተማሩን። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ያለ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም። እነሱም የሌሊት ሺፍት ናቸው ማለት ነው። የውኃ ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱ ሲጨምር የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ተከፈተ። መዘጋት ሲገባው ተጣብቆ ቀረ። ፓነሉ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፋች። ኦፕሬተሮቹ መብራቷ ስትጠፋ «ቫልቩ ተዘጋ» አሉ። ማን አይልም? ለካ መብራቷ የምትናገረው ለቫልቩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ መቋረጡን ነው። «ዝጋ» መባሉን ትናገራለች፤ መዝጋቱን አታውቅም። ልጅ ሱቅ ልካችሁ፣ ከበር ስለወጣ ብቻ ስኳሩ ተገዝቷል እንደማለት ነው።

ቫልቩ ከ2 ሰዓት በላይ ተከፍቶ ውኃው ሲወጣ ቆየ። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ አላርም ነበር። ሌላ መለኪያ ደግሞ ውኃው ሞልቷል የሚል ምልክት ስላሳያቸው፣ እየገባ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ውኃ ቀነሱት። በመጨረሻ ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። አሠልጣኙ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዝም ብዬ ነበር የማዳምጠው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ተናገሩ። የወጣው ውኃ የሚጠራቀምበት ታንክ መለኪያ ነበረው። ያንን አይተው ቢሆን ይገባቸው ነበር። መለኪያው የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ከፓነሉ ጀርባ! ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም።

ፕሬዚዳንት ካርተር አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው ጆን ኬሜኒ የሚባሉ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ኮሚሽኑ ኦፕሬተሮቹ ተሳስተዋል ብሏል። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። ለምን ተሳሳቱ ብሎ ወደ ሥልጠናው፣ ወደ መመሪያው፣ ወደ ኮንትሮል ሩሙ አሠራር ሄደ። የእኔ ኮሚቴ ያላደረገውን ማለቴ ነው። ደግሞ በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ኒውክሌር ጣቢያ ውስጥ ኦፕሬተሮች ጎን ለጎን ያሉ ተመሳሳይ እጀታዎች ሲምታቱባቸው የድራፍት መቅጃ እጀታ ገጥመውባቸዋል አሉ። እነሱ ድራፍት፣ እኛ ፕላስተር!

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ የምኖረው ቢሾፍቱ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 እሑድ ነበር፣ ልደታም ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ተነሳ። 6 ደቂቃ ብቻ በረረ። ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር። ለቅሶው ሳያባራ ከውጭ አንዳንድ ሰዎች ስለ ፓይለቶቹ ልምድና ሥልጠና ማውራት ጀመሩ። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ገና ከሩቅ ስትመጣ አውቃታለሁ።

እስቲ የነሱ ፓነል ምን ይላቸው እንደነበር እንይ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር ያለውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፣ ግራና ቀኝ። የግራው ከተነሱ ወዲያው ተሳሳተና 74.5 ዲግሪ ደረሰ። የማይሆን ቁጥር ነው። በእሱ ሳቢያ በካፒቴኑ በኩል መሪው ይንቀጠቀጣል፤ «ልትወድቅ ነው» ማለቱ ነው። የግራና የቀኝ የፍጥነት መለኪያዎች አይስማሙም። የከፍታውም እንደዚያው። በዚህ ሁሉ መሐል ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ያንኑ አንድ የተሳሳተ ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል። አንዱን ብቻ! ሁለት ሴንሰር እያለ። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ደግሞ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ ፓይለቶቹ እጅ ባለው መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ሁለቱ ሴንሰሮች አለመስማማታቸውን የምትናገረዋ ማስጠንቀቂያ እንኳ ሌላ ተጨማሪ ዕቃ ባልገዙ አየር መንገዶች አውሮፕላን ላይ አትሠራም ነበር።

የእኛ ልጆች የኤሌክትሪክ ትሪሙን (የአፍንጫውን ወደ ላይ ወደ ታች ማዘንበል የሚያስተካክለውን) አጠፉት። እንደ መመሪያው በእጅ ሊያዞሩት ሞከሩ። አልሠራም አለ። በዚያ ፍጥነት መዘውሩ በሰው ጉልበት አይዞርም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት ያለውን ልጄ ፈልጎ አነበበልኝ። አምራቹ ቦይንግ ኤምካስ በስህተት ቢነሳ ፓይለቱ ወዲያው አውቆ ያስተካክለዋል ብሎ ነበር ያሰበው። ሲሙሌተር (በረራ የሚያስመስል መለማመጃ) ላይም ሞክሮታል። የሞከረው ግን ኤምካስን ብቻውን ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ የሚመጣውን የማስጠንቀቂያ ጋጋታ አብሮ አላስነሳውም። ይህ ማለት ምን መሰላችሁ? የእኔን ቀይ መብራት በቀን፣ በጸጥታ፣ ሻይ እየጠጡ «ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። መልሱን እኔም አውቀው ነበር።

በመጨረሻው ምርመራ ላይ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የእኛዎቹ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አያያዝ በበቂ አላየም ብለዋል። ይታይ። ሰው አይሳሳትም ብዬ አልከራከርም፤ የወሸቅኩትን ጨርቅ ነግሬያችኋለሁ። ግን አብራሪው ምን እንዳደረገ የጠየቀ ሰው፣ በዚያች ሰከንድ ዓይኑ ያየውን፣ ጆሮው የሰማውን፣ እጁ የያዘውንም አብሮ ይጠይቅ።

ይህ ደግሞ ትናንት የተገኘ ዕውቀት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለው ቦምብ ጣይ ካረፈ በኋላ ፓይለቶች ፍላፕ (ክንፉ ላይ የሚዘረጋውን ሳንቃ) እንሰብስብ ብለው ጎማ ይሰበስቡ ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይቀመጣል። ሁለቱ እጀታዎች አጠገብ ለአጠገብ፣ መልካቸውም አንድ ነው። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ የጎማውን እጀታ ጫፍ ጎማ አስመሰለው፣ የፍላፑን ደግሞ ፍላፕ። ዛሬም አውሮፕላን ላይ የጎማው እጀታ ጫፍ እንደ ጎማ ክብ ነው።

በሥራዬ መጨረሻ ዓመታት ፓነላችን ወደ ኮምፒውተር ተቀየረ። አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችው ነገር ገረመን። ወንበር ስባ ሌሊት አብራን ተቀመጠች። አትናገርም፤ ታያለች፣ ትጽፋለች። በሦስተኛው ሌሊት «እትዬ፣ ይህን አላርም ለምንድነው ሳያነቡት የሚያጠፉት?» አለችኝ። ስንት እንደሚጮህ ቆጥረን ነበር፤ በአንድ ሌሊት 212። ከነዚያ ውስጥ እጄን አንስቼ የሆነ ነገር እንድሠራ ያስገደዱኝ 7 ናቸው። ሌላው ወሬ ነው።

ከዚያ ስክሪኑን ሁሉ ግራጫ አደረገችው። እኔ አኩርፌ ነበር። የድሮው ባለ ቀለም ነው፣ ፓምፑ ይሽከረከራል፣ እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ደስ ይላል። ይሄ ምን ደባሪ ነገር ነው አልኩ። «እትዬ፣ ደህና ሲሆን አይታይዎት። ችግር ሲኖር ብቻ ይታይዎት» አለችኝ። በሁለተኛው ወር፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ መሐል አንዲት ብርቱካናማ ሳጥን በራች። የውኃ ሙቀት ነበር። ከወንበሬ ተነስቼ አላርሙ ሳይጮህ ደረስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ግራጫ ክፉ ተናግሬ አላውቅም። ሰዓቱንም የፈረንጁንና የአበሻውን ጎን ለጎን አደረገችልን። ስንት ደቂቃ የፈጀባት ይመስላችኋል? ከሰዓት በፊት ነው የጨረሰችው። እኔን 5 ቀን ደመወዝ ያስከፈለኝ ነገር!

እንግዲህ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ፋብሪካ ሲተከል፣ ማመንጫ ሲታደስ፣ ሆስፒታል ማሽን ሲገዛ ጨረታው ላይ ስንት ኪሎዋት፣ ስንት ቶን፣ ስንት ብር የሚለው በደንብ ይጻፋል። ማን ይቀመጥበታል፣ በምን ቋንቋ ያነባል፣ ቁመቱ ስንት ነው የሚል ግን አላየሁም። የእኛ ፓነል የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ከአቅሜ በላይ ከፍ ብሎ ስለነበር ሥሩ የለስላሳ ሳጥን አስቀምጬ ነው 20 ዓመት የሠራሁት። ርክክቡ ሳይፈረም በፊት ማሽኑ ከተሠራበት አገር ድረስ ሄደው የሚሞክሩት እነማን ናቸው? አለቆች ናቸው። አበሉን ለሚያውቅ አልነግረውም። ከሚሄዱት አንዱ የሌሊት ተረኛ ቢሆን ምናለ? እሱ የማይቻል ከሆነም ማሽኑ እዚህ ሲተከል፣ ፊርማው ከመድረቁ በፊት፣ ኦፕሬተሩ አንድ ሌሊት ይቀመጥበት። ሰው ከኋላው ሆኖ ሁለት ሦስት ነገር ያበላሽበት። ያኔ የማይነበበው ይታወቃል። ከተፈረመ በኋላ ያለው መፍትሔ ፕላስተር ነው።

እናንተንም ላስቸግር። በሚቀጥለው ጊዜ ዘጋቢያችሁ «የሰው ስህተት ነው» ሲባል አንድ ጥያቄ ይጨምርልኝ፦ በዚያ ሰዓት ፓነሉ ላይ የበራው ምን ነበር?

ይህን ደብዳቤ ስጀምር የጎረቤታችን ልጅ ሊጠይቀኝ ብቅ አለ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጥሯል፤ ሦስት ወሩ ነው። ሁለት የማምረቻ መስመር አላቸው፣ ከሁለት አገር የተገዙ። «አንተ ልጅ፣ እናንተ ጋ ማሽኑ ሲቆም የሚበራው ምን ቀለም ነው?» አልኩት።

«የትኛው መስመር ላይ እትዬ?» አለኝ።

ተነስቼ ከመሳቢያው አንድ ጥቅል ፕላስተር አውጥቼ ሰጠሁት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ ኦፕሬተር፣ ከቢሾፍቱ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይያዝልኝ)